የጋሽ በላይነህ ሚስማር እና የእትዬ ብርሃኔ ቀይ አዝራር

የበሰለ ዘይቱን በሚሸትበት ቦታ ጮክ ብዬ ማውራት አልችልም። ምን ላድርግ፣ አመል ሆኖብኛል። ባለፈው ገና ሐዋሳ ሄጄ ባጃጅ ውስጥ ስገባ፣ ሹፌሩ አንድ ፌስታል ሙሉ ዘይቱን እግሩ ሥር አስቀምጦ ኖሯል። ሽታው አፍንጫዬ ጋ እንደደረሰ ድምፄ ራሱ ዝቅ አለ።

«ታቦር አድርሰኝ» አልኩት።

«ምን?»

«ታቦር!»

«ምነው እህቴ፣ ጉሮሮሽን አሞሻል እንዴ?»

አላመመኝም። ጋሽ በላይነህ እንዳይሰሙኝ ፈርቼ ነው። እሳቸው ደግሞ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ነፍሳቸውን ይማረውና አሁንም ድምፄን ዝቅ ያስደርጉኛል።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ታቦር ተራራ ግርጌ፣ ጋሽ በላይነህ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነበር። አባዬ መምህር ነው። ከደብረ ታቦር ተመድቦ ስለመጣ «እኔ ከታቦር ወደ ታቦር ነው የተዛወርኩት፣ ምንም አልራቅኩም» እያለ ይቀልዳል። እማዬ ይህን ቀልድ በሰማች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። ቤታችን ከጋሽ በላይነህ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነበር፤ ከጓሮ ደግሞ ሰርቪስ ቤቱ አለ። እዚያ የምትኖረው አማረች ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ገበያ ኮባ ቅጠልና ቆጮ የምትሸጥ ደግ ሴት። ልጇ ብርቱካን የኔ ጓደኛ ናት፤ አንድ ዴስክ ላይ ነው የምንቀመጠው፤ የምንጣላውም የምንታረቀውም እዚያው ነው።

ጋሽ በላይነህን እኛ ልጆች «አባ ኮዳ» እንላቸው ነበር፤ በሌሉበት ነው ታዲያ። አባ ኮዳን የሐዋሳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ዓሣ በሚወጣበት ዳርቻ አንጀት ይወረወርልኛል ብሎ ሲጠብቅ የሚውለው መላጣ ትልቅ ወፍ ነው። ጋሽ በላይነህም መላጣ ናቸው፤ በጋ ከክረምት የማትወልቅ ግራጫ ካፖርት አለቻቸው፤ አንገታቸው ሥር ያለው ቆዳ ይንጠለጠላል። ንፍገታቸውስ! የግቢውን አምፖል ማታ ራሳቸው ያጠብቁታል፤ ጠዋት ራሳቸው ፈትተው ኪሳቸው ይከቱታል። አንዴ የፈላ ሻይ ቅጠል ፀሐይ ላይ አስጥተው ደግመው ያፈላሉ። እማዬ «እኚህ ሰውዬ የሞቱ ቀን ነፍሳቸውን ለመልአኩ በዋዛ አይሰጡትም፣ ይታገሉታል» ትል ነበር።

ሚስታቸው እትዬ ብርሃኔ ግን፣ እግዚአብሔር ሲያጋጥም እንዲህ ነው፣ ሰጥተው የማይጠግቡ ሴት ነበሩ። ቀይ ሹራብ ይለብሳሉ፤ ትልልቅ ቀይ አዝራሮች ያሉት። በሩ አጠገብ ያለውን ዘይቱን የተከሉት እሳቸው ናቸው። ሲበስል «ኑ ልጆች፣ ወፍ ሳይቀድማችሁ!» ብለው ይጠሩናል። ጋሽ በላይነህ በመስኮት እያዩ ያጉረመርማሉ፤ እትዬ ደግሞ የሳቸውን ማጉረምረም እንደ ሬዲዮ ለምደውታል።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ እትዬ ብርሃኔ ሞቱ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ በላይነህ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ዘይቱኑን በእሾህ ማጠር ነው። ማንም እንዳይነካው። እሳቸውም አይበሉትም። ፍሬው እየበሰለ ይወድቃል፣ እየወደቀ ይበሰብሳል፣ ግቢው በሙሉ ጣፋጭና ኮምጣጣ ነገር ይሸታል። እኛ በዚያ ስናልፍ በእግር ጣታችን እየረገጥን፣ እያንሾካሾክን ነው። እንግዲህ የባጃጁ ሹፌር ያላወቀው ይህን ነው።

ከገና በፊት ባለው ሰሞን፣ እኔና ብርቱካን ሰርቪሱ ደጃፍ ላይ ገበጣ ስንጫወት ጋሽ በላይነህ መጡ። ካፖርታቸውን ሰብስበው ቆሙና አማረችን ጠሯት።

«አማረች፣ ከገና በኋላ ቤቱን እፈልገዋለሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊገባበት ነው።»

አማረች የምታጥፈውን ኮባ ቅጠል እንደያዘች ቀረች። «የት ልሂድ ጋሼ? ልጅቷ ትምህርት ላይ ናት።»

«እሱን እኔ ምን አውቄ!»

«እትዬ እኮ ቃል ሰጥተውኛል። ‹እኔ እያለሁ ከዚህ ቤት ማንም አያስወጣሽም› ብለውኛል።»

«እያለሁ ነው ያለችው» አሉ ጋሽ በላይነህ። «የለችማ።»

ይህንን ብለው ሄዱ። አማረች ለብርቱካን በሲዳምኛ አንድ ነገር አለቻት፤ ብርቱካን ገበጣውን በእግሯ በታተነችው። አለታ ወንዶ አያቷ ጋ ልትላክ ነው፤ በዓመቱ መሃል፣ ከክፍላችን ተነቅላ። እኔ ማታ እራት አልበላም ብዬ አለቀስኩ። አባዬ ሄዶ ጋሽ በላይነህን አነጋገራቸው፤ ሲመለስ ለእማዬ «ድንጋይ ነው» አላት። እኔ ድንጋይ የተወረወረበት መስሎኝ ራሱን አየሁለት።

ብርቱካን ግን ከኔ ይልቅ ብልህ ናት። በማግስቱ ትምህርት ቤት ውስጥ ጆሮዬን ይዛ «እትዬ ካሉ አንወጣም ማለት ነው አይደል?» አለችኝ።

«ሞተዋል እኮ።»

«ሞተው ያሉ ሰዎች አሉ። መንፈሳቸው።»

እኔም አንድ የማውቀው ምስጢር ነበረኝ፤ ያን ጊዜ አወጣሁት። አመሻሽ ላይ በግድግዳው በኩል ጋሽ በላይነህ ከሰው ጋር ሲያወሩ እሰማለሁ። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ቤታቸው ማንም አይገባም። ታዲያ ከማን ጋር ነው? የዚያን ዕለት ማታ ብርቱካንን አስገብቻት ሁለታችንም ጆሯችንን ግድግዳው ላይ ለጠፍን።

«ዛሬም ወጡን አሳረርኩት» ይላሉ ጋሽ በላይነህ። ዝም ይላሉ። ከዚያ ደግሞ፣ «ሳቂ! ሳቂ እንጂ ምን ቸገረሽ!»

ብርቱካን ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። «ሰማሽ? አሉ!»

«የእሳቸው ድምፅ ግን አይሰማም።»

«ሙት ሲያወራ በቀስታ ነው» አለች። ስለ ሙት ጉዳይ ከኔ የበለጠ የምታውቅ ስለመሰለኝ አልተከራከርኳትም።

የገና ዋዜማ ሊሆን ሲል አንድ ምሽት መብራት ጠፋ። አማረች ከገበያ አልተመለሰችም። ብርቱካን የእትዬ ብርሃኔን ነጠላ፣ ለእናቷ በሕይወት ሳሉ የሰጧትን፣ ተከናንባ መጣች። «እትዬን ልለምናቸው ነው። ነጠላቸውን ሲያዩ ያውቁኛል» አለችኝ። ምን ልበላት? እኔ ከውኃው በርሜል ጀርባ ተቀመጥኩ፤ እሷ በእሾሁ አጥር ቀዳዳ ሾልካ ዘይቱኑ ሥር ገባች። ትንሽ ቆማ አንሾካሾከች። ከዚያ፣ ርቧት ነው መሰለኝ፣ ጎንበስ ብላ የወደቀውን ፍሬ በነጠላው መልቀም ጀመረች።

የጋሽ በላይነህ በር ተከፈተ።

ደጃፋቸው ላይ ቆመው ወደ ዛፉ ያያሉ። በድንግዝግዙ ነጭ ነጠላ ብቻ ነው የሚታየው።

«ብርሃኔ?» አሉ።

ብርቱካን ደርቃ ቀረች።

«አንቺ ነሽ?»

ነጠላው ይበልጥ ወደ መሬት ዝቅ አለ።

«ምነው ታዲያ ከመሬት ትለቅሚያለሽ? የተበላሸ እኮ ነው!» እንዲህ ባለ ድምፅ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም፤ ሊያለቅስ የደረሰ ልጅ ነበር የሚመስለው። «የገዛ ዛፍሽ አይደለም እንዴ። ከላይ ልቀሚ። ቆይ፣ ቆይ ልያዝልሽ።» ያቺን የሚሳሱላትን ካፖርት እሾህ እየቀደዳት ወደ ውስጥ ገቡ፤ እጃቸውን ዘርግተው ትልቁን ቅርንጫፍ ወደ ታች ጎተቱት። «ይኸው። አጎነበስኩልሽ፣ በይ ቅጠፊ።»

በዚህ መሃል መብራት መጣ። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ እንደ ልማዳቸው «መጣ!» ብለው ጮኹ። የግቢው አምፖል በርቶ ብርቱካንን አሳየ፤ ትንሽዬ፣ ዓይኗ የፈጠጠ፣ ነጠላዋ ላይ የበሰበሰ ዘይቱን ያቀፈች።

ጋሽ በላይነህ አዩዋት። ነጠላውን አዩ፤ የለቀመችውን አዩ። እኔ «አሁን ገደሏት!» ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ቅርንጫፉን ልጅቷን እንዳይመታት በቀስታ እየለቀቁት ነበር።

«አንቺ ነሽ እንዴ» አሉ፤ ዞረው ቤታቸው ገቡ።

ብርቱካን እያለቀሰች እኛ ቤት ሮጠች። «አበላሸሁት! አሁን ገናንም አያስውሉን!» ትላለች። እኔ ደግሞ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። ጋሽ በላይነህ እያወሩ ነው፤ ቁጣ ግን የለበትም።

«እሺ… እሺ አልኩሽ እኮ። ግን በምን አፌ ልበላቸው? ይህን ሁሉ ተናግሬ፣ በምን አፌ?»

አፋቸውን ያመማቸው መሰለኝ። ለእማዬ ነገርኳት፤ እሷም ሲከፋት እንኳ ለታመመ አትጨክንምና «ጥርሳቸው ይሆናል፣ በይ ይህን አድርሺላቸው» ብላ ቅርንፉድ በወረቀት ጠቀለለችልኝ። ጠዋት ወስጄ «ለአፍዎ» አልኳቸው። ቅርንፉዱን ተቀብለው ብዙ አዩኝ። አንድ ነገር ደግሞ ልብ አልኩ፤ የግቢውን አምፖል ረስተውት ቀኑን ሙሉ ሲበራ ዋለ። እማዬ «እኚህ ሰውዬ ሊሞቱ ነው» አለች።

ገና ደረሰ። በሰፈራችን ለገና በሬ የሚታረደው በቅርጫ ነው፤ አባወራዎቹ በጋራ ይገዙና ጋሽ በላይነህ ግቢ ሰፊ ስለሆነ እዚያ ይታረዳል። ሥጋው ኮባ ቅጠል ላይ በየመደቡ ይከፋፈላል። የማን መደብ የቱ እንደሆነ የሚለየው በዕጣ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ምልክት የሚሆን አንድ ዕቃ ባርኔጣ ውስጥ ይጥላል፤ አንድ ልጅ ሳያይ እጁን እየሰደደ በየመደቡ ላይ አንድ አንድ ያስቀምጣል። ዕቃህ ያረፈበት መደብ ያንተ ነው፤ ሻኛም ይድረስህ አጥንት፣ ማጉረምረም የለም። የአባዬ ዕጣ ቁራጭ ጠመኔ ናት። የቅርጫው ዳኛ የሆኑት ጡረተኛው አስር አለቃ ዘለቀ ፊሽካቸውን ይጥላሉ። ጋሽ በላይነህ የዛገ ሚስማር፤ ከሚስማር የረከሰ ነገር ቢያገኙ እሱን ያደርጉ ነበር። እትዬ ብርሃኔ ደግሞ ከባላቸው ተለይተው በራሳቸው ስም ነበር የሚገቡት፤ ዕጣቸው ከሹራባቸው ላይ የሚፈቱት ቀይ አዝራር ነው። የሚደርሳቸው መደብ ወደ ቤታቸው ገብቶ አያውቅም። ከነቅጠሉ ተነስቶ በቀጥታ ጓሮ፣ አማረች ቤት ይሄዳል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ጋሽ በላይነህም እያወቁ ዓመት በዓመት ሲቃጠሉ ኖረዋል።

በዚያ ጠዋት አማረች ኮባ ቅጠሉን አምጥታ አነጠፈችላቸውና ወደ ጓሮ ተመለሰች፤ እሷ መደብ የላትማ። ሥጋው ተደለደለ። እውነተኞቹ አባ ኮዳዎች ከሐይቁ መጥተው ቆርቆሮው ላይ ተደርድረዋል። ዕጣ ጣይዋ እኔ ነኝ። አስር አለቃ ዘለቀ የድሮ ባርኔጣቸውን ከራሴ በላይ ከፍ አድርገው ያዙልኝ። ጠመኔውን አስቀመጥኩ፣ ፊሽካውን አስቀመጥኩ፣ የባጃጅ ቁልፍ፣ ምን ምኑን። የመጨረሻው ለስላሳና ክብ ነገር ነው። አውጥቼ መደቡ ላይ አኖርኩት።

ቀይ አዝራር።

አንዷ ሴት «በስመ አብ!» ብላ አማተበች። እማዬ ትከሻዬን ይዛ ወደ ኋላ ሳበችኝ።

«የእትዬ ብርሃኔ አይደለም እንዴ ይሄ?» አሉ አስር አለቃ።

ጋሽ በላይነህ ከበርጩማቸው ብድግ አሉ። «ሚስማሬስ? ሚስማሬ የታለ?»

ባርኔጣው ተገለበጠ፣ ተራገፈ። ሚስማር የለም።

«አያችሁልኝ?» ብለው ጮኹ። «ሚስማሬን ወስዳ አዝራሯን አስቀመጠች! ሞታም አትተወኝ! ሰዎች፣ ፍረዱኝ!»

አስር አለቃ ዘለቀ ባርኔጣቸውን ራሳቸው ላይ መለሱ። «እንግዲህ ጋሽ በላይነህ፣ ዕጣ ዕጣ ነው። አዝራሩ የእትዬ ከሆነ መደቡ የእትዬ ነው። የእትዬ መደብ ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ ለርስዎ አይነገርም።»

«እና እኔ በገና ምድር ምን ልብላ? ሽሮ?» መሬቱን በከዘራቸው መቱት። አሁን ሳስበው ትንሽ አበዙት። «አለች ማለት ነው! ለካ አለች! በሉ እንግዲህ፣ እኔ ከሙት ጋር አልካሰስም። አማረች! ነይ መደብሽን አንሺ!»

አማረች እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከጓሮ መጣች። የሆነውን ሲነግሯት አዝራሩን አየችና እዚያው ቅጠሉ አጠገብ ተቀመጠች።

«ቤቱስ ጋሼ?» አለች።

«ቤቱን እሷን ጠይቂያት! ‹እያለሁ› ብላሻለች፣ ይኸው አለች። እኔ የለሁበትም!»

ብርቱካን በሰው መሃል ተጠማዝዛ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እናቷ ታለቅሳለች፣ እማዬ ታለቅሳለች፣ አስር አለቃ ዘለቀ ሳይቀሩ ፊሽካቸውን አንስተው ሲያበቁ ፊታቸውን አዙረው ነበር። እኔ ግን አላለቀስኩም፤ የምፈነድቅ ነበር የመሰለኝ።

ጋሽ በላይነህ ሥጋ ስላልደረሳቸው የግቢው ሰው ሁሉ ሳህን ላከላቸው። በዚያ ገና ከሁላችንም በላይ የበሉት እሳቸው ናቸው። የአማረችን ክትፎ ከቆጮ ጋር ያደረስነው እኔና ብርቱካን ነን። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ገባን። ጋሽ በላይነህ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው የእትዬን ቀይ ሹራብ ጭናቸው ላይ ዘርግተዋል፤ የላይኛው አዝራር ቦታ ላይ የተቆረጠ ክር ተንጠልጥሏል። መስኮቱ ደፍ ላይ ደግሞ፣ እንደ ልቡ ተጋድሞ፣ የዛገው ሚስማር።

«ጋሼ!» አልኩ፤ ሳህኑ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። «ሚስማሩ!»

ሚስማሩን አዩ፤ እኔን አዩ። አንገታቸው ሥር ያለው ቆዳ ወጣ ወረደ።

«መለሰችልኝ» አሉ።

«መቼ?»

«አሁን፣ እናንተ ልትመጡ ስትሉ።»

«ምን አሉዎት ታዲያ?» አለች ብርቱካን።

ጋሽ በላይነህ ሹራቡን በእጃቸው አበስ አበስ አደረጉት። «ሳቀች» አሉ። «ስትስቅ ዋለች።»

በማግስቱ ስንነሳ የእሾሁ አጥር የለም። ማን እንዳነሳው ማንም አላየም። እኔና ብርቱካን ዘይቱኑ ላይ ወጥተን እስኪያንገሸግሸን በላን፤ አምሮታችን እስኪወጣልን። ስንወርድ ብርቱካን ነገር አዋቂ አይደለች፣ «ማመስገን አለብን» አለች። ዛፉ ፊት ጎን ለጎን ቆመን እጅ ነሳንና ባለ በሌለ ድምፃችን ጮኽን።

«እትዬ ብርሃኔ፣ እግዜር ይስጥልን!»

«አብሮ ይስጠን!» አለ ከጋሽ በላይነህ መስኮት ውስጥ አንድ ጎርናና ድምፅ።

ተያየን። ቅጠል አይንቀሳቀስም።

«ሰማሽ?» አልኳት።

«ሰማሁ እንጂ» አለች ብርቱካን፣ የቀረ ዘይቱኗን እየገመጠች። «ሰው ሲሞት ድምፁ ይጎረንናል ማለት ነው።»

እኔም አመንኳት።